የሕዝብ ሸክም በአንድ ሰው ክንድ

  በዛሬው «ስፖርትና ኑሮ» ዓምዳችን በየሻይ ቤቱ የሚጦፈውን የእግር ኳስ ክርክር ለጊዜው እናቆየውና ወደ ቦክስ እንሂድ።

የምናወራላችሁ ጆ ሉዊስ ስለሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ቡጢኛ ነው። ከአባቶቻችን መካከል ስሙን የሰሙ አይጠፉም። ወጣቶቹ ግን መሐመድ አሊን እንጂ እሱን ብዙም አታውቁትም ብለን እንገምታለን። ጆ ሉዊስ አሊ ገና ሳይወለድ የዓለም የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን የሆነ ሰው ነው። ከእኛም ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ። ጣሊያን ኢትዮጵያን ሊወርር ጦር በሚያከማችበት ጊዜ፣ ይህ ልጅ ኒውዮርክ ላይ አንድ ግዙፍ ጣሊያናዊ ቡጢኛ ሲጥል፣ ብዙ ጥቁር አሜሪካውያን ኢትዮጵያ ራሷ ያሸነፈች ያህል ነበር የጨፈሩት። (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዓመተ ምሕረት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ይሁን እንጂ ታሪኩን ያነሳነው ለጉራ አይደለም። አንድ ጥያቄ ስላለብን ነው። ሕዝብ ተስፋውን ሰብስቦ በአንድ ሰው ላይ ሲጭን፣ ያ ሰው ምን ይሆናል? ጥያቄው የሩቅ አገር ጥያቄ እንዳይመስላችሁ። በየቤታችን ያለ ነው። እስቲ መጀመሪያ ታሪኩን እንስማ።

ከጥጥ እርሻ ወደ ዲትሮይት

ጆ ሉዊስ የተወለደው በሜይ 13 ቀን 1914 በደቡብ አሜሪካ፣ አላባማ በሚባለው ክፍለ ሀገር ነው። ሙሉ ስሙ ጆሴፍ ሉዊስ ባሮው ነው። ከስምንት ልጆች ሰባተኛው ነበር። ወላጆቹ ከባርነት ነጻ የወጡ ሰዎች ልጆች ሲሆኑ፣ የሚያርሱት የራሳቸውን መሬት አልነበረም። እኛ አገር ጢሰኛ እንደምንለው፣ የሰው መሬት አርሰው ምርቱን ለባለመሬቱ የሚያካፍሉ ነበሩ። አባትየው ጆ ገና ሕፃን ሳለ አእምሮው ታውኮ ሆስፒታል ገባ። እናቱ ሊሊ ልጆቿን ይዛ ቀረች፤ ኋላም ሌላ ሰው አገባች።

በዚያ ዘመን በደቡብ አሜሪካ ጥቁር ሰው ከነጭ ጋር አንድ ትምህርት ቤት አይማርም፣ በአንድ ወንበር አይቀመጥም፣ ከአንድ ቧንቧ ውሃ አይጠጣም። ሕጉ ነው የሚከለክለው። ከሕጉ በላይ ደግሞ በሌሊት መጥተው ሰው ከቤቱ አውጥተው የሚሰቅሉ ነበሩ። ስለዚህ ጥቁሮቹ በብዙ መቶ ሺህ እየሆኑ ደቡቡን ለቀው ወደ ሰሜን ከተሞች ሄዱ። ድንበር አልተሻገሩም፣ ወረቀትም የጠየቃቸው የለም፤ ግን ስደት ነበር። የጆ ቤተሰብም በ1926 ተነስቶ የመኪና ፋብሪካ ወዳለበት ወደ ዲትሮይት ከተማ ገባ።

ሥራው ብዙ አልቆየም። ከ1929 በኋላ የዓለም ኢኮኖሚ ሲወድቅ ፋብሪካዎቹ ሰው በገፍ ያባርሩ ጀመር። ቤተሰቡም ከከተማው አስተዳደር የእርዳታ ገንዘብ እየተቀበለ መኖር ጀመረ። እናትየዋ ልጇ ቫዮሊን እንዲማርላት ፈልጋ ከሌላት ላይ ሳንቲም ትሰጠው ነበር። እሱ ግን ገንዘቡን ወስዶ ለቦክስ ጂም ከፈለበት። በኋላ ሲታወቅባት እናቲቱ አልተቆጣችም፤ ይህን ከመረጥክ በደንብ ሥራው ብላ ለቀቀችው ይባላል።

ጆ በ1934 የአማተር ሻምፒዮን ሆነ። በዚያው ዓመት በጁላይ 4 ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ በገንዘብ ተጋጠመ። ትንሽ ገንዘብ እጁ እንደገባ ካደረጋቸው ነገሮች አንዱ ምን መሰላችሁ? ቤተሰቡ በችግር ጊዜ የተቀበለውን የእርዳታ ገንዘብ ለዲትሮይት ከተማ መለሰ። ማንም አልጠየቀውም። እርዳታ መቀበል ነውር አይደለም፤ ይህን እኛ እናውቃለን። ይህ ልጅ ግን ገና ማግኘት ሲጀምር ዕዳ እንዳለበት ሆኖ ነው የተሰማው። ይህችን ነገር ያዙልን፣ ኋላ እንመለስባታለን።

የተዘጋው በር

ጆ ሉዊስ ቦክስ ሲጀምር ለጥቁር ቡጢኛ አንድ በር ዝግ ነበር፤ እሱም የከባድ ሚዛን ሻምፒዮንነት ነው። ከዚያ በፊት አንድ ጥቁር ብቻ ነበር ያንን ማዕረግ የያዘው። ጃክ ጆንሰን ይባላል፤ በ1908 አውስትራሊያ ውስጥ አሸንፎ ነው ያገኘው። ጆንሰን በ1910 ነጮች «የእኛ ተስፋ» ያሉትን ጄፍሪስን ሲያሸንፍ፣ በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ነጮች ጥቁሮችን አጠቁ፤ የሞቱም ነበሩ። ጆንሰን አንገቱን የሚደፋ ሰው አልነበረም። የተጣለ ባላንጣውን ይስቅበታል፣ ውድ መኪና ይነዳል፣ ነጭ ሚስት ያገባል። በ1913 በሴት ጉዳይ ሰበብ ፈልገው ፈረዱበትና ከአገር ሸሸ። እሱም እንግዲህ ተሰደደ ማለት ነው። ያ ፍርድ ግፍ እንደነበረ ተቆጥሮ ምሕረት የተሰጠው በ2018 ነው፤ ጆንሰን ከሞተ ከ70 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ።

ጆንሰን በ1915 ከተሸነፈ ወዲህ ለ22 ዓመት አንድም ጥቁር ለዚያ ማዕረግ እንዲጋጠም ዕድል አልተሰጠውም። ችሎታ ጠፍቶ አይደለም፤ በሩ ስለተዘጋ ነው። የጆ ሉዊስ ሥራ አስኪያጆች ጆን ሮክስቦሮና ጁሊያን ብላክ፣ አሰልጣኙም ጃክ ብላክበርን፣ ሦስቱም ጥቁሮች ነበሩ። በሩ እንዴት እንደተዘጋ ስለሚያውቁ ለልጁ ደንብ አወጡለት። ባላንጣህን ጥለህ ፈገግ እንዳትል። ከነጭ ሴት ጋር ፎቶ እንዳትነሳ። ብቻህን መሸታ ቤት እንዳትገባ። ስትናገር እንዳታበዛ።

እንግዲህ አስቡት። የሃያ ዓመት ልጅ ነው። አሸንፎ መሳቅ ተከለከለ። አንድ ስህተት ቢሠራ ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይሆንም፤ በሩ በመላው ሕዝቡ ላይ ተመልሶ ይዘጋል። ይህን ሁሉ ተቀብሎ ፊቱን እንደ ድንጋይ አድርጎ ወደ ሪንግ ገባ። ጋዜጦቹ ስሜት የሌለው ሰው አድርገው ይጽፉት ነበር። ሰውየው ግን ስሜት አጥቶ አይደለም፤ ስሜቱን አፍኖ ነው።

ጁን 25 ቀን 1935

አሁን ወደ እኛ ጉዳይ እንምጣ። በዲሴምበር 1934 ወልወል ላይ በኢትዮጵያና በጣሊያን ወታደሮች መካከል ግጭት ከተነሳ በኋላ፣ ሙሶሊኒ በኤርትራና በሶማሊያ በኩል ጦሩን ማከማቸት ጀመረ። ወሬው አሜሪካ ደረሰ። ለጥቁር አሜሪካውያን ኢትዮጵያ ማለት በመጽሐፍ ቅዱስ ስሟን የሚያነቧት፣ በነጭ ያልተገዛች አገር ማለት ናት። ኒውዮርክ ውስጥ የጥቁሮች ሰፈር በሆነው በሃርለም «የአቢሲኒያ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን» የሚባል፣ በ1808 የተመሠረተ ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ አለ። በዚያ የተጨነቀ ጊዜ ነው ጆ ሉዊስ ከጣሊያናዊው ከፕሪሞ ካርኔራ ጋር እንዲጋጠም ቀን የተቆረጠው።

ካርኔራ የቀድሞ የዓለም ሻምፒዮን ነበር። ቁመቱ ወደ ሁለት ሜትር ይጠጋል፤ ክብደቱ 118 ኪሎ ገደማ ነው። ጆ ሉዊስ 89 ኪሎ ገደማ ነበር። ሙሶሊኒ ካርኔራን የፋሽስት ጣሊያን ጉልበት ምልክት አድርጎ ያሳየው ስለነበር፣ ጋዜጦቹ ግጥሚያውን የሙሶሊኒና የኢትዮጵያ ጦርነት አስመሰሉት። ያን ዕለት ማታ ያንኪ ስታዲየም ውስጥ ከ60 ሺህ በላይ ተመልካች ተገኘ። ጥቁርና ጣሊያናዊ ይደባደባል ተብሎ ስለተፈራ ከአንድ ሺህ በላይ ፖሊስ ተሰማራ። ከደወሉ በፊት አስተዋዋቂው ዘርና ቀለም ሳትለዩ የተሻለው ያሸንፍ በሉ ብሎ ሕዝቡን ለመነ።

በስድስተኛው ዙር ካርኔራ ሦስት ጊዜ ወደቀ። ዳኛው ግጥሚያውን አቆመ። ሃርለም መንገዱ በሰው ሞላ። ጆ ሉዊስ ግን በደንቡ መሠረት ፈገግ አላለም።

ሬዲዮ ያለው ቤት ጥቂት ስለነበር፣ የጆ ሉዊስ ግጥሚያ ባለ ማታ ሰዉ ሬዲዮ ባለበት ሱቅና ቤት ተጠጋግቶ ነበር የሚሰማው። ለእኛ ይህ እንግዳ አይደለም፤ በአንድ ሬዲዮ፣ በአንድ ስልክ ዙሪያ ሃያ ሰው ሆነን የአገር ቤት ወሬ ሰምተናል። ደራሲዋ ማያ አንጀሎ በ1969 ባሳተመችው የልጅነት ትዝታዋ እንዲህ ያለውን ማታ ጽፋዋለች። ሉዊስ ሲያሸንፍ በአያቷ ሱቅ የነበረው ሰው ሁሉ በደስታ ይፈነድቃል። ነገር ግን ቤታቸው ሩቅ የሆነባቸው ሰዎች ያን ማታ እዚያው ከተማ ያድራሉ። ለምን? ጥቁር ባሸነፈበት ማታ ጥቁር ሰው ብቻውን በጨለማ መንገድ ቢገኝ አደጋ አለውና። ደስታውም ፍርሃት ነበረበት ማለት ነው።

ታዲያ ያ ድል ኢትዮጵያን አዳናት ወይ? አላዳናትም። ከግጥሚያው በኋላ ሦስት ወር እንዳለፈ፣ በኦክቶበር 3 ቀን 1935 የጣሊያን ጦር መረብን ተሻግሮ ገባ። በሜይ 5 ቀን 1936 አዲስ አበባ ተያዘች። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ስደተኛ ሆነው እንግሊዝ አገር ባዝ በምትባል ከተማ ኖሩ። ቡጢ ታንክና የመርዝ ጋዝ አያቆምም። ይህን መካድ ራስን ማታለል ነው።

ግን ደግሞ ከንቱ ነበር አንልም። በዚያ ዓመት ጥቁር አሜሪካውያን በየከተማው ለኢትዮጵያ ሰልፍ ወጡ፣ ከድህነታቸው ላይ ገንዘብ አዋጡ። ጆን ሮቢንሰን የሚባል ጥቁር አብራሪ ኢትዮጵያ ድረስ መጥቶ በጦርነቱ ለኢትዮጵያ አየር ኃይል በረረ፤ ከነጻነት በኋላም ተመልሶ አብራሪዎችን አሰለጠነ፣ በ1954 አዲስ አበባ ውስጥ አረፈ። ሕዝብ አንድ ሰው ቆሞ ሲያይ ራሱም ለመቆም ይደፍራል። የጆ ሉዊስ ጥቅም ይኸው ነበር።

የወደቀበትና የተነሳበት

ችግሩ ሸክሙ ይከብዳል። በጁን 19 ቀን 1936 ጆ ሉዊስ ከጀርመናዊው ማክስ ሽሜሊንግ ጋር ተጋጠመ። ልምምዱን ችላ ብሎ ነበርና በ12ኛው ዙር በዝረራ ተሸነፈ። አዲስ አበባ ከተያዘች ገና ሁለት ወር አልሞላም። በሃርለም ሰዎች መንገድ ላይ አለቀሱ። አንድ የ22 ዓመት ልጅ ተመትቶ ሲወድቅ ሕዝብ ሁሉ የወደቀ መሰለው። ናዚዎቹም የዘራችን የበላይነት ተረጋገጠ ብለው አወሩበት።

በጁን 22 ቀን 1937 ቺካጎ ላይ ጆ ሉዊስ ጂም ብራዶክን በስምንተኛው ዙር ጥሎ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ለ22 ዓመት የተዘጋው በር ተከፈተ። እሱ ግን ሽሜሊንግን ሳላሸንፍ ሻምፒዮን ነኝ አልልም አለ። ልክ ከዓመት በኋላ፣ በጁን 22 ቀን 1938 በያንኪ ስታዲየም 70 ሺህ በሚሆን ሰው ፊት ሁለቱ እንደገና ተገናኙ። ግጥሚያው የፈጀው 124 ሴኮንድ ብቻ ነው። ዘግይቶ የገባ ተመልካች ሳያይ ቀረ።

ያን ማታ ነጩም ጥቁሩም አሜሪካዊ «የእኛ ልጅ» አለው። በደቡቡ ክፍል ግን በማግስቱም ከነጭ ጋር ከአንድ ቧንቧ ውሃ መጠጣት አይችልም ነበር። ለሽሜሊንግም አንድ ፍትሐዊ ነገር እንበል። ናዚዎች መጠቀሚያ አደረጉት እንጂ የፓርቲያቸው አባል አልነበረም። በዚያው ዓመት በኖቬምበር አይሁዶች ሲታደኑ ሁለት የአይሁድ ልጆችን ሆቴል ክፍሉ ውስጥ ደብቆ አትርፏል። በኋላ ሁለቱ ቡጢኞች እስከ ሕይወታቸው መጨረሻ ወዳጆች ሆነው ኖሩ። በሪንግ ላይ ያለ ባላንጣ ሁሉ ጠላት አይደለም።

በሩን ለሌላውም ያዘው

ጆ ሉዊስ እስከ 1949 ድረስ ሻምፒዮን ሆኖ ቆየ። ማዕረጉን 25 ጊዜ አስጠብቋል፤ ይህ ቁጥር በከባድ ሚዛን እስከ ዛሬ አልተሰበረም። አሜሪካ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ፣ በጃንዋሪ 1942 ተጋጥሞ ያገኘውን ገንዘብ ለባሕር ኃይል ቤተሰቦች መርጃ ሰጠ። በዚያን ጊዜ ባሕር ኃይሉ ጥቁሮችን የሚቀበለው ለወጥ ቤትና ለአስተናጋጅነት ሥራ ብቻ ነበር። ለምን ትሰጣቸዋለህ ያሉት ብዙ ናቸው። እሱ ግን ሰጠ፤ ወዲያውም ወታደር ሆኖ ተመዘገበ። በሦስት ወር ውስጥ ደግሞ ሌላ ግጥሚያ አድርጎ ገንዘቡን ለምድር ጦር መርጃ ለገሰ።

በውትድርናው ዘመን ለወታደሮች 96 የማሳያ ግጥሚያ አድርጓል። ጥቁርና ነጭ ወታደር ተለያይቶ በተቀመጠበት አልጋጠምም ይል ነበር። ካንሳስ ውስጥ ፎርት ራይሊ በሚባል የጦር ካምፕ ሳለ ጥቁር ወታደሮች ለመኮንንነት ትምህርት አመልክተው ማመልከቻቸው ለወራት ተኝቶ ነበር። ጆ ሉዊስ ዋሽንግተን የሚያውቀው ሰው ዘንድ አስደውሎ ጉዳዩ እንዲንቀሳቀስ አደረገ። ከነዚያ ወታደሮች አንዱ ጃኪ ሮቢንሰን ይባላል። ይህ ሮቢንሰን በ1943 መኮንን ሆነ፤ በኤፕሪል 15 ቀን 1947 ደግሞ ጥቁር የተከለከለበትን ትልቁን የአሜሪካ ቤዝቦል ሊግ የሰበረ ሰው ነው። የአሜሪካ ጦር ጥቁርና ነጭ ለይቶ እንዳያሰልፍ የታዘዘው በ1948 ነው።

በ1952 ደግሞ ጎልፍ ላይ ሌላ በር አንኳኳ። የአሜሪካ የጎልፍ ባለሙያዎች ማኅበር «ነጭ ብቻ» የሚል አንቀጽ በደንቡ ነበረው። ሳን ዲዬጎ ከተማ በተደረገ ውድድር ጆ ሉዊስ አልወጣም ብሎ ጉዳዩን በአደባባይ ስላነሳው፣ ተጋባዥ አማተር ተብሎ እንዲጫወት ተፈቀደለት። አንቀጹ የተሰረዘው ከዘጠኝ ዓመት በኋላ በ1961 ነው።

ማንም ያላየው ዕዳ

እስካሁን ያወራነው ሰው የሚያውቀውን ነው። አሁን ሰው የማያወራውን እንንገራችሁ።

ጆ ሉዊስ እጁ ክፍት ነበር። ለእናቱ ቤት ገዛ፣ እህት ወንድሞቹን አስተማረ፣ የሰፈር ልጆችን ሥራ አስያዘ፣ በመንገድ ለለመነው ሁሉ ኪሱን አራገፈ። የለኝም ማለት አያውቅም። ራሱም ገንዘብ አያያዝ አያውቅም ነበር፤ በጎልፍ ውርርድና በማይሆን ንግድ ብዙ ጠፋበት። ከሚገባው ገንዘብ ትልቁን ድርሻ የሚወስዱት ደግሞ ሌሎች ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ የመንግሥት ግብር ሰብሳቢ መዝገቡን ሲያይ ከግማሽ ሚሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ አለብህ አለው። ለባሕር ኃይልና ለምድር ጦር የለገሰው ገንዘብ እንኳ የራሱ ገቢ ሆኖ ተቆጠረበት። ወለዱ በወለድ ላይ እየተደራረበ ከሚሊዮን አለፈ።

ስለዚህ ቦክስ ካቆመ በኋላ ዕዳ ሊከፍል ተመለሰ። በ1950 ተሸነፈ። በኦክቶበር 1951፣ በ37 ዓመቱ፣ ሮኪ ማርሲያኖ በስምንተኛው ዙር ከገመዱ ውጭ ጣለው። ማርሲያኖ ራሱ አዝኖ አለቀሰ ይባላል። በ1953 እናቱ ስትሞት የተወችለትን ጥቂት ገንዘብ ግብር ሰብሳቢው ወሰደው። ልብ በሉ፤ በሃያ ዓመቱ ማንም ሳይጠይቀው የእርዳታ ገንዘብ የመለሰ ልጅ ነው ይህ። በ1956 ለገንዘብ ሲል የትርኢት ትግል ውስጥ ገባ። በ1970 አእምሮው ታውኮ ሆስፒታል ተኛ። በመጨረሻም ላስ ቬጋስ ባለ አንድ ትልቅ የቁማር ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ሆኖ ሠራ። ሰዎች እየመጡ እጁን ይጨብጡና ፎቶ ይነሱ ነበር። በኤፕሪል 12 ቀን 1981 በ66 ዓመቱ አረፈ። የተቀበረው ጀግኖች በሚቀበሩበት በአርሊንግተን ነው።

እንግዲህ ያ ሁሉ ሚሊዮን ሕዝብ በ1935 በሬዲዮ ዙሪያ ተኮልኩሎ «በርታ» ሲል፣ ስንቱ ነው እሱ ደኅና መሆኑን የጠየቀው?

በየቤታችን ያለው ጆ ሉዊስ

ወደ ካምፓችን እንመለስ። ፕሮሰሱ አልቆለት አሜሪካ፣ ካናዳ ወይም አውስትራሊያ የገባ ልጅ ያላችሁ፣ ልጅቷን አረብ አገር ለሥራ የላካችሁ፣ እዚሁ ደግሞ በትምህርቱ ጎበዝ የሆነውን አንዱን «አንተ ነህ የምታወጣን» የምትሉ፣ ይህ ለእናንተ ነው። ለእኛም ነው፤ ራሳችንን አንለይም።

ልጁ አውሮፕላን የተሳፈረ ዕለት ብሎኩ በሙሉ ወጥቶ ይሸኘዋል፣ እልል ይባላል። ያን ዕለት ሳናስበው ሁላችንም ሸክማችንን እሱ ሻንጣ ውስጥ እንጨምራለን። የእናት መድኃኒት፣ የእህት ትምህርት፣ የአጎት ዕዳ፣ የጎረቤት ሠርግ። እሱ እዚያ ገብቶ ቋንቋ ሳይችል ሌሊት መጋዘን ውስጥ ሣጥን ያነሳል፤ ቀን ይተኛል፤ የቤት ኪራይ፣ የአውቶቡስ፣ የመብራት ይከፍላል። ስልኩ ሲጮኽ ገና ሳያነሳው ምን እንደምንለው ያውቃል። ከወራት በኋላ ማንሳት ይተዋል። እኛም «ጠፋ፣ ከበደ፣ ረሳን» እንላለን። ምናልባት አልረሳም። ምናልባት የለኝም ማለት አፍሮ ነው። የቅርብ ዘመዶቻችን ተጨንቀው፣ ታመው፣ ብቻቸውን ወድቀው ከሰው አፍ የሰማን ሰዎች በመካከላችን አለን።

ገንዘብ አትጠይቁ እያልን አይደለም። ራሽኑ ሲቀነስ፣ ልጅ ሲታመም የሚጠየቀው እሱ ነው፤ ሌላ ማን አለን? መረዳዳት ባህላችን ነው። ሀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም ነው፤ ለሀምሳ ሰው ጌጡ ነው የሚለው ተረታችን ግን ሀምሳውን ሎሚ ለአንዱ ልጅ አሸክሙት አይልም። ስለዚህ ቤተሰብ ተቀምጦ ይነጋገር። በወር አንድ ጊዜ አንድ ሰው ይደውል እንጂ ሰባት ዘመድ በየተራ አይደውል። በልጁ ስም ከሱቅ ዱቤ አንውሰድ። ገንዘብ ሳንጠይቅ የምንደውልበት ቀን ይኑረን፤ በላህ ወይ፣ ብርዱ እንዴት ነው፣ እንቅልፍ ይወስድሃል ወይ ብለን እንጠይቀው። ትምህርት ልጀምር፣ ለጊዜው ልቀንስ ካለ እንመርቀው። ዛሬ የተማረ ልጅ ነገ የበለጠ ይረዳል፤ ባይረዳ እንኳ ልጅ ነው።

ውጪ ያላችሁ ልጆቻችንም ይህን ቡለቲን ዘመድ በስልክ ካነበበላችሁ ስሙን። የሌላችሁን አለን አትበሉ። የተዋሳችሁትን መኪና ተደግፋችሁ የተነሳችሁትን ፎቶ አትላኩልን፤ እኛ እናምነዋለን። ዘንድሮ አልተመቸኝም ብትሉን እናዝን ይሆናል እንጂ አንጠላችሁም። ጆ ሉዊስ ሕይወቱን ሙሉ መናገር ያቃተው ያችን አንድ ቃል ነበር።

ዲትሮይት ከተማ መሀል በ1986 ለጆ ሉዊስ መታሰቢያ ተሠርቶለታል። ከሰባት ሜትር በላይ ርዝመት ያለው የነሐስ ክንድ ነው፤ ጫፉ ላይ የተጨበጠ ቡጢ አለ። ፊት የለውም፣ ትከሻ የለውም፣ ክንድ ብቻ። ትልቅ ክብር ነው፣ አንነቅፈውም። እኛ ግን የራሳችንን ልጆች ስናስብ ክንዳቸውን ብቻ አንይ። ክንዱን የሚሸከመው ሰው አለ።